ከቦታው የወጣ የኪቦርድ ቋንቋ አመልካች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአንድ በላይ በሆነ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው በሥራ ቀኑ ሳያስተውለው ደጋግሞ የሚያየው አንድ ትንሽ ምልክት አለ፤ እርሱም ኪቦርዱ በዚያች ቅጽበት በየትኛው ቋንቋ እንደሚጽፍ የሚያሳየው አመልካች ነው። በቦታው እስካለ ድረስ ማንም ልብ አይለውም፤ አንድ ቀን ግን ከሰዓቱ አጠገብ ተነሥቶ ስክሪኑ አናት ላይ ሲንሳፈፍ፣ ጨርሶ ሲጠፋ ወይም በሁለት ቦታ ሲታይ ሥራ ያስተጓጉላል። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ በአብዛኛው ስለ ዊንዶውስ ነው፤ አመልካቹ እንደ ልቡ የሚዘዋወረው በብዛት እዚያ ስለሆነ። የምናሌዎቹ ስሞች በእንግሊዝኛው ዊንዶውስ ላይ እንደሚነበቡ በፊደላችን ተጽፈዋል።

አመልካቹን ከመነካካቴ በፊት መጀመሪያ ምን ማረጋገጥ አለብኝ?

የሚያዩት የትኛው አመልካች እንደሆነ መለየት አለብዎት። በዊንዶውስ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንደኛው በ2001 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ጀምሮ የምናውቀው የቋንቋ ባር ነው፤ ይህ ራሱን የቻለ ቀጭን ሰሌዳ ሲሆን በማውስ ተይዞ ስክሪኑ ላይ ወደፈለጉበት ይጎተታል። ሁለተኛው በ2012 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ 8 ጋር የመጣው አመልካች ነው፤ እርሱ ደግሞ ታስክባሩ (ስታርትና ሰዓቱ ያሉበት የስክሪኑ ግርጌ መስመር) ውስጥ ከሰዓቱ አጠገብ የተተከለ ስለሆነ ቢጎትቱትም አይንቀሳቀስም። አዲሱ ሲመጣ አሮጌው አልተሰረዘም፤ በዊንዶውስ 10 እና 11 ውስጥም በአንዲት ምርጫ ሥር ተደብቆ አለ። «አመልካቼ ቦታውን ለቀቀ» ከሚሉት ቅሬታዎች አብዛኞቹ ተመርምረው ሲታዩ ይህች ምርጫ በሆነ አጋጣሚ በርታ አሮጌው ባር የአዲሱን ቦታ ስለተካ የተፈጠሩ ናቸው።

መለያው ቀላል ነው። ማውሱን ምልክቱ ላይ አድርገው ግራ ጠርዙን ቀረብ ብለው ይመልከቱ። ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ካሉ እና የማውሱ ቀስት እነርሱ ላይ ሲደርስ አራት አቅጣጫ ወደሚያመለክት ቀስት ከተለወጠ የያዙት አሮጌውን ባር ነው። ነጠብጣብ ከሌለው፣ ሲጫኑት ደግሞ የቋንቋዎች ዝርዝር ወደ ላይ ከተከፈተ አዲሱ ነው። ይህን ሳይለዩ መፍትሔ መፈለግ ጊዜ ያባክናል፤ የአንዱ መፍትሔ ለሌላው አይሠራምና።

ባሩ ስክሪኑ አናት ላይ ተንሳፎ የመስኮቶቼን መዝጊያ ሸፈነብኝ። እንዴት ልመልሰው?

ይህ ከሁሉ የተለመደውና ከሁሉ የሚያናድደው መልክ ነው። ባሩ ስክሪኑ ላይ ካሉት መስኮቶች ሁሉ በላይ ሆኖ እንዲታይ የተሠራ ስለሆነ ወደ ቀኝ ላይኛው ማዕዘን ከሄደ መስኮት ለማሳነስ፣ ለማስፋትና ለመዝጋት የሚያገለግሉት ሦስት ምልክቶች በትክክል እርሱ ሥር ይውላሉ። ሰነድዎን ለመዝጋት ሲጫኑ ሰነዱ ባለበት ይቀርና የባሩ ዝርዝር ይከፈትብዎታል፤ ምን እንደተፈጠረ እስኪገባዎት ድረስም ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመው መጫንዎ አይቀርም።

ፈጣኑ መፍትሔ ባሩ ራሱ ላይ አለ። በቀኝ ጫፉ ላይ መስኮት ለማሳነስ የምንጠቀምባትን የምትመስል ትንሽ ሰረዝ አለች፤ እርሷን ሲጫኑ ባሩ ወርዶ ታስክባሩ ውስጥ ይገባል። ሰረዟ በጣም ትንሽ ስለሆነች ከጎኗ ያለውን ምልክት እንዳይጫኑ ይጠንቀቁ። ባሩን ወደ ታስክባሩ ማስገባት ሳይሆን ከመንገድ ገለል ማድረግ ብቻ ከፈለጉ ግራ ጠርዙ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ይዘው ወደ ሌላ ቦታ ይጎትቱት።

ባሩ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ወደ ላይ የሚመለስ ከሆነ ግን ከሥሩ ማስተካከል ያስፈልጋል። በዊንዶውስ 11 ሴቲንግስን ይክፈቱና ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ፣ ቀጥሎ ታይፒንግ፣ ቀጥሎ አድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስ የሚሉትን ተከትለው ይግቡ። በዊንዶውስ 10 ደግሞ ዲቫይስስ በሚለው ሥር ካለው ታይፒንግ ተነሥተው ወደዚያው ገጽ መድረስ ይችላሉ። እዚያ የሚያገኙት ሳጥን የዴስክቶፕ ቋንቋ ባር በሚገኝበት ጊዜ ሁሉ ይሠራ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ምልክት ካጠፉ አሮጌው ባር ይሰናበትና አዲሱ አመልካች ከሰዓቱ አጠገብ ይመለሳል። በእኔ አስተያየት አሮጌውን ባር የሚፈልጉበት የተለየ ምክንያት ከሌለዎት ይህን ማጥፋት ከሁሉ የተሻለው መፍትሔ ነው፤ ነገሩ ዳግም እንዳይነሣ ያደርጋልና።

አሮጌውን ባር እፈልገዋለሁ፤ ነገር ግን አርፎ እንዲቀመጥ ነው የምፈልገው። ይቻላል?

ይቻላል። ቀደም ሲል ከጠቀስነው ሳጥን ሥር ላንጉዌጅ ባር ኦፕሽንስ የሚል መስመር አለ። ሲጫኑት መልኩ ከድሮው ዊንዶውስ ያልተለወጠ ትንሽ ሰሌዳ ይከፈታል፤ በውስጡም ሦስት ምርጫዎች ይገኛሉ፦ ባሩ ዴስክቶፑ ላይ እንዲንሳፈፍ፣ ታስክባሩ ውስጥ እንዲገባ፣ ወይም እንዲደበቅ። ሁለተኛውን መርጠው አፕላይ ከሚለው በኋላ ኦኬ ይበሉ።

በዚያው ሰሌዳ ላይ ባሩ ሥራ ሲፈታ ብርሃን አሳላፊ እንዲሆን የሚያደርግ ምርጫም አለ። ይህ ሲበራ ባሩ ከጀርባው ካለው ሥዕል ጋር ተመሳስሎ የጠፋ ይመስላል፤ ማውሱ ሲነካው ይደምቃል። «አንዳንዴ ይታያል፣ አንዳንዴ ይሰወራል» የሚሉ ሰዎች መጀመሪያ ማየት ያለባቸው እዚህ ነው። ሌላው ደግሞ ባሩ ላይ ቀኝ ክሊክ ሲደረግ በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ያለው ቨርቲካል የሚለው ምርጫ ነው፤ ሳያውቁት ከተጫነ ባሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ተመልሰው ሲጫኑት ይተኛል።

ባሩ የሚንሳፈፍ መሆኑን ማስተካከያው ያሳያል፤ ነገር ግን ስክሪኑ ላይ የትም የለም። የት ሄደ?

ከሁለተኛ ሞኒተር ጋር ሠርተው ያውቃሉ? ተንሳፋፊው ባር መጨረሻ የቆመበትን ቦታ በቁጥር ያስታውሳል። ሁለተኛው ሞኒተር ላይ ትተውት ሞኒተሩን ከነቀሉት፣ ወይም ስክሪኑ ሰፊ ሳለ ቀኝ ጫፍ ላይ አስቀምጠውት በኋላ የስክሪኑን ጥራት ዝቅ ካደረጉት፣ ባሩ የሚያስታውሰው ቦታ ከሚታየው ስክሪን ውጭ ሊሆን ይችላል። ባሩ በሥራ ላይ ነው፤ የቆመው ግን ዓይን በማይደርስበት ቦታ ነው።

ለዚህ የሚበጀው ባሩን በማውስ መፈለግ ሳይሆን እንዲታሰር ማዘዝ ነው። ከላይ የተጠቀሰውን ላንጉዌጅ ባር ኦፕሽንስ ከፍተው ታስክባሩ ውስጥ እንዲገባ የሚለውን ይምረጡና አፕላይ ይበሉ። ባሩ ከሄደበት ተጠርቶ ታስክባሩ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ተንሳፋፊ ሆኖ እንዲሠራ ከፈለጉ ምርጫውን መልሰው መለወጥ ይችላሉ፤ በዚህ ጊዜ የሚቆመው በሚታይ ቦታ ነው። ሞኒተሩ በእጅዎ ካለ ደግሞ መልሰው ሰክተው ባሩን ወደ ዋናው ስክሪን ቢጎትቱት ያው ነው።

አመልካቹ ከሰዓቱ አጠገብ ጨርሶ ጠፍቷል። ምን ላድርግ?

በቅድሚያ የተጫኑት ኪቦርዶች ስንት እንደሆኑ ይቁጠሩ። ዊንዶውስ አንድ ኪቦርድ ብቻ ካለው የሚያመለክተው ምርጫ ስለሌለ አመልካቹን አያሳይም። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሁለተኛ ቋንቋ ወይም ሁለተኛ ኪቦርድ ሲጨመር ምልክቱ ወዲያውኑ ብቅ ይላል። የዊንዶውስን ቁልፍ ተጭነው ይዘው ስፔስን አንዴ ይምቱ፤ የተጫኑት ሁሉ በዝርዝር ይታያሉ።

ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ኪቦርድ እያለ አመልካቹ ካልታየ ሁለት ቦታዎችን ይመልከቱ። የመጀመሪያው ያው ላንጉዌጅ ባር ኦፕሽንስ ነው፤ የአሮጌው ባር ሳጥን በርቶ ከሦስቱ ምርጫዎች ደግሞ ሂድን (እንዲደበቅ) የሚለው ተመርጦ ከሆነ አሮጌው ተደብቋል፣ አዲሱም ቦታውን ለአሮጌው ስለለቀቀ አይታይም። ውጤቱ ባዶ ቦታ ነው። ሁለተኛው በዊንዶውስ 10 ውስጥ ፐርሰናላይዜሽን፣ ቀጥሎ ታስክባር በሚለው ሥር ያለው የሲስተም ምልክቶችን ማብሪያና ማጥፊያ ገጽ ነው፤ ኢንፑት ኢንዲኬተር የሚለው መብራቱን ያረጋግጡ።

ሁለቱም ትክክል ሆነው ከተገኙ ታስክባሩ ራሱ ተንቀራፎ ሊሆን ይችላል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች በአንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማኔጀርን ይክፈቱ፤ ከዝርዝሩ ዊንዶውስ ኤክስፕሎረርን ፈልገው ቀኝ ክሊክ ካደረጉ በኋላ ሪስታርት የሚለውን ይምረጡ። ታስክባሩ ለጥቂት ሰከንድ ጠፍቶ ይመለሳል፤ የተከፈቱ ሰነዶችዎ አይነኩም።

ሲቲኤፍሞን የሚባለው ፕሮግራም ቫይረስ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ልሰርዘው?

አይሰርዙት። የቋንቋ ባሩን፣ የኪቦርድ ቅያሪውንና ከአንድ ቁልፍ በላይ ተመትቶ ፊደል የሚወጣባቸውን የአጻጻፍ ዘዴዎች ከጀርባ ሆኖ የሚያገለግለው ይህ ፕሮግራም ነው። ብዙ ሰው ስሙን የሚያገኘው ኮምፒውተሩ ሲዘገይ ታስክ ማኔጀር ውስጥ ጥፋተኛ ሲፈልግ ነው፤ ስሙ ምንም ስለማይገልጽ ይጠረጠራል። በዊንዶውስ 10 ውስጥ ሥራው ከተቋረጠ አመልካቹ ከመጥፋቱም በላይ በስታርት ምናሌው መፈለጊያ ሳጥን ውስጥ አንዲት ፊደል እንኳ አልጻፍ ሊልዎት ይችላል፤ ከእነዚህ ሁለት ምልክቶች አንዱ ሌላውን አስከትሎ ከመጣ ነገሩ ከዚህ ፕሮግራም ጋር የተያያዘ ነው ብሎ መገመት ያስኬዳል።

ለማስነሣት የዊንዶውስን ቁልፍና አርን በአንድ ላይ ይምቱ፤ በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ ሲ፣ ቲ፣ ኤፍ፣ ኤም፣ ኦ፣ ኤን የሚሉትን ስድስት የላቲን ፊደላት ሳይለያዩ ጽፈው ኢንተር ይበሉ። ምንም መስኮት አይከፈትም፤ አመልካቹ ግን ከተመለሰ ምክንያቱን አገኙት ማለት ነው። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ይህን ማድረግ ካስፈለገ ሥራዎችን በራሱ በሚያስነሣው በታስክ ስኬጁለር ውስጥ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ቴክስት ሰርቪስስ ፍሬምወርክ የሚሉትን አቃፊዎች ተከትለው ይግቡና እዚያ ያለችው ብቸኛ ሥራ ዲሴብልድ ሆና ከሆነ ኢኔብል ያድርጓት። «ኮምፒውተር አፋጣኝ» ተብለው የሚጫኑ አንዳንድ ፕሮግራሞች አላስፈላጊ መስሏቸው ይህችን ሥራ ያጠፏታል።

ጥርጣሬው መሠረት የሚኖረው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው። እውነተኛው ፋይል የሚቀመጠው በዊንዶውስ አቃፊ ውስጥ ባለው ሲስተም 32 አቃፊ ነው። ታስክ ማኔጀር ውስጥ ስሙ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው ፋይሉ ያለበትን ቦታ ሲከፍቱ ወደ ሌላ፣ ለምሳሌ ወደ ዳውንሎድስ ከወሰደዎት፣ ያን ጊዜ በጸረ ቫይረስ ማስፈተሽ ተገቢ ነው።

ሰዓቱ አጠገብ ሁለት አመልካቾች አሉኝ፤ አንዱ እንግሊዝኛ ሲል ሌላው አማርኛ ይላል። የትኛውን ልመን?

የፊደል ገበታዎችን የሚያስተዳድር ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ኪይማንን፣ ጭነው ከሆነ ሁለት ምልክት ማየትዎ የሚጠበቅ ነው። አንዱ የዊንዶውስ፣ ሌላው የፕሮግራሙ ነው። ፕሮግራሙ የዊንዶውስን ቁልፎች ተቀብሎ ወደ ፊደል የሚለውጥ ተርጓሚ ስለሆነ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ፊደል በተመለከተ የመጨረሻው ቃል የእርሱ ነው። የዊንዶውሱ ምልክት እንግሊዝኛ ቢልም ፕሮግራሙ በርቶ ከሆነ የሚወጣው የግዕዝ ፊደል ሊሆን ይችላል።

ሁለቱ እንዲስማሙ ከፈለጉ የፕሮግራሙን የፊደል ገበታ ዊንዶውስ ውስጥ አማርኛ በሚለው ቋንቋ ሥር ያስመዝግቡት። ያን ጊዜ ቋንቋውን በዊንዶውስ ቁልፍና በስፔስ ሲቀይሩ የፊደል ገበታውም አብሮ ይቀየራል፤ የዊንዶውሱን አመልካች ብቻ ማየትም ይበቃል። በተጨማሪም አማርኛ በሚለው ሥር የማይጠቀሙበት ሌላ ኪቦርድ ካለ ያውጡት፤ በአንድ ቋንቋ ሁለት ኪቦርድ መኖሩ በራሱ ግራ መጋባት ያመጣል።

ወርድ ግርጌ ላይ በግራ በኩል የቋንቋ ስም ይታያል። አመልካቹ ወደዚያ ተዛውሮ ነው?

አይደለም፤ ይህ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ወርድ ግርጌው ላይ የሚያሳየው ጠቋሚው የቆመበት ጽሑፍ ፊደል አስተካካዩ በየትኛው ቋንቋ እንደሚመረምረው ነው፤ ኪቦርዱ በምን እንደሚጽፍ አይደለም። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚለወጡ አንድ ይመስላሉ። ከዚህ ስም ላይ ዓይንዎን ለማሳረፍ ከፈለጉ ግርጌው ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው ላንጉዌጅ የሚለውን ምልክት ያጥፉት።

ነገር ግን ወርድ ከዚህ የከፋ ልማድ አለው። ጠቋሚውን የእንግሊዝኛ አንቀጽ ውስጥ ሲያቆሙ ኪቦርዱ ሳያዝዙት እንግሊዝኛ፣ የአማርኛ አንቀጽ ውስጥ ሲያቆሙ አማርኛ እየሆነ የሚያስቸግርዎ ከሆነ፣ በወርድ ኦፕሽንስ ውስጥ አድቫንስድ በሚለው ገጽ ላይ ኪቦርዱ በዙሪያው ካለው ጽሑፍ ቋንቋ ጋር በራሱ እንዲስማማ የሚያዝዝ ሳጥን አለ። ሁለት ቋንቋ እያፈራረቀ ለሚጽፍ ሰው ይህ ሳጥን ጠፍቶ ቢቆይ ይሻላል። ለምሳሌ በአማርኛ ዐረፍተ ነገር መካከል አንድ የእንግሊዝኛ ስም ለማስገባት ኪቦርዱን ቀይረው ጠቋሚውን ትንሽ ሲያንቀሳቅሱ ተመልሶ ይዞርብዎታል።

በብራውዘር በሚሠሩ የጽሑፍ ገጾች ላይ የሚታዩ የቋንቋ ምልክቶችም እንደዚሁ የገጹ እንጂ የኮምፒውተሩ አይደሉም።

መስኮት በቀየርኩ ቁጥር አመልካቹ ሌላ ቋንቋ ያሳያል። ተበላሽቶ ይሆን?

ከዊንዶውስ 8 በፊት እያንዳንዱ መስኮት የራሱን ቋንቋ ያስታውስ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ካልታዘዘ በቀር አንዱ ቋንቋ ለሁሉም ያገለግላል። በአድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ መስኮት የተለያየ ቋንቋ የሚፈቅደውን ሳጥን ይመልከቱ፤ በርቶ ከሆነ የሚያዩት ሥራውን ነው። አንድ ሰው በአንዱ መስኮት ደብዳቤ በአማርኛ፣ በሌላው ኮድ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ከሆነ ይህ ጥሩ አገልግሎት ነው። ለሌላው ሰው ራስ ምታት ነው።

ሌላው ምክንያት ጣት ነው። በግራ በኩል ያሉት ኦልትና ሺፍት አብረው ሲነኩ ቋንቋ ይቀየራል፤ እነዚህ ሁለት ቁልፎች ደግሞ በሌሎች አቋራጮች ውስጥ ዘወትር ይገባሉ። ኢንፑት ላንጉዌጅ ሆት ኪይስ በሚለው መስመር ገብተው አቋራጩን ማጥፋት ይችላሉ፤ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ያለ እርሱም ይሠራሉ።

ጭኜው የማላውቀው ቋንቋ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል፤ ከቋንቋዎች ገጽ ላይ ግን ስለሌለ ላጠፋው አልቻልኩም።

ይህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሪሞት ዴስክቶፕ ነው፤ ከሌላ ኮምፒውተር ሲገናኙ የዚያኛው ኮምፒውተር ኪቦርድ አብሮ ይገባና ግንኙነቱ እስኪቋረጥ ይቆያል። ግንኙነቱ ካበቃ በኋላም ካልወጣ አንድ ሞኝ የሚመስል ግን የሚሠራ ብልሃት አለ፦ ያንኑ ቋንቋ ወይም ኪቦርድ በእጅዎ ይጨምሩትና ወዲያው መልሰው ያውጡት። የሌለ የሚመስለው ነገር በዚህ መንገድ ተመዝግቦ በሥርዓቱ ይሰረዛል።

ኮምፒውተሩን ስከፍት የይለፍ ቃሌን አልቀበልም ይላል፤ አመልካቹ በዚያ ስክሪን ላይ የት ነው?

በዊንዶውስ 10 እና 11 መግቢያ ስክሪን ላይ ከታች በቀኝ በኩል፣ ኮምፒውተሩ ከሚጠፋበት ምልክት ጋር ተደርድሮ ይገኛል። በዊንዶውስ 7 ግን በግራ ላይኛው ማዕዘን ስለነበረ ከዚያ የመጣ ሰው አይቶ ላያገኘው ይችላል። የይለፍ ቃሉ የሚታየው በነጠብጣብ ስለሆነ ኪቦርዱ በሌላ ቋንቋ እየጻፈ እንደሆነ አይታወቅም፤ ስለዚህ ሦስተኛ ጊዜ ከመሳሳትዎ በፊት ከሳጥኑ ቀኝ ጫፍ ያለችውን የዓይን ምልክት ተጭነው የጻፉትን ይዩት። ፊደሉ ያሰቡት ካልሆነ ቋንቋውን እዚያው ይቀይሩ።

የመግቢያ ስክሪኑ ቋንቋ ከእርስዎ አካውንት የተለየ ማስተካከያ ነው። አድሚኒስትሬቲቭ ላንጉዌጅ ሴቲንግስ በሚለው ሥር ኮፒ ሴቲንግስ የሚለውን ተጭነው፣ የእርስዎ ምርጫ ወደ መግቢያ ስክሪኑ እንዲገለበጥ ዌልካም ስክሪን የሚለውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት። ለዚህ የአስተዳዳሪነት ፈቃድ ያስፈልጋል።

አመልካቹን ጨምሮ ሰዓቱም ሁሉም ነገር ወደ ግራ ሄደብኝ።

ዊንዶውስ 10 ከሆነ ታስክባሩ ተጎትቶ ወደ ስክሪኑ ጎን ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ባዶ ቦታውን ይዘው ወደ ታች ይመልሱትና ታስክባሩን የሚቆልፈውን ምርጫ ያብሩ። ታስክባሩ ታች እያለ ስታርት በቀኝ፣ ሰዓቱ በግራ ከሆነ ግን የማሳያ ቋንቋው ዐረብኛ ወይም ዕብራይስጥ ሆኗል ማለት ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ በሚጻፉ ቋንቋዎች ዊንዶውስ ሁሉንም ነገር እንደ መስታወት ይገለብጣል። የማሳያ ቋንቋው ተቀይሮ ከአካውንቱ ወጥተው ሲገቡ ይመለሳል።

የማክ ኮምፒውተር ነው ያለኝ። እዚያ አመልካቹ የት ሊጠፋ ይችላል?

በማክ አመልካቹ የሚቀመጠው ከላይ ባለው የምናሌ መስመር ቀኝ በኩል ነው። ከሌለ በሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ኪቦርድ፣ ከዚያም ቴክስት ኢንፑት ከሚለው ጎን ኤዲት የሚለውን ተጭነው አመልካቹ በምናሌው መስመር ላይ እንዲታይ የሚያዝዘውን ምርጫ ያብሩ። ቦታው ካልተመቸዎት ኮማንድ የሚለውን ቁልፍ ይዘው ምልክቱን ወደ ግራና ቀኝ መጎተት ይችላሉ።

በርቶ እያለ ካልታየ ደግሞ የካሜራውን ቦታ ይመልከቱ። በ2021 እ.ኤ.አ. ከወጡት ባለ 14 እና ባለ 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮዎች ጀምሮ ብዙዎቹ ማክቡኮች ስክሪናቸው አናት መሃል ላይ ለካሜራ የተተወ ጥቁር ቦታ አላቸው። የምናሌው ምልክቶች ሲበዙ ለሁሉም ቦታ ስለማይበቃ የተወሰኑት ይሰወራሉ። የማይፈልጓቸውን ጥቂት ምልክቶች ከመስመሩ ሲያወጡ አመልካቹ ይመለሳል።

በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው ማክኦኤስ ሶኖማ ደግሞ ቋንቋ ሲቀየር ትንሽ ምልክት የጽሑፍ ጠቋሚው ሥር ብቅ ብላ ትጠፋለች። ቦታዋን የሳተች የምትመስል ብትሆንም ሆን ተብላ የተሠራች ናት። ዓይን ከጽሑፉ ሳይነሣ ቋንቋውን ማወቅ መቻሉ መልካም ሐሳብ ነው፤ የሚጻፈውን መስመር ሥር ለጊዜውም ቢሆን መሸፈኗ ግን ብዙዎችን አላስደሰተም።

በሊኑክስስ?

እንደ ዴስክቶፑ ዓይነት ይለያያል። በግኖም አመልካቹ ከላይ ባለው መስመር ቀኝ በኩል የሚታየው ሁለት ቋንቋ ሲኖር ብቻ ነው። በኬዲኢ ፕላዝማ ከሰዓቱ አጠገብ ካለችው ቀስት ሥር ተደብቆ ከሆነ በሲስተም ትሬይ ማስተካከያ ውስጥ ኪቦርድ ሌይአውት የሚለውን ሁልጊዜ እንዲታይ ያድርጉት። አማርኛን አይባስ በተባለው የፊደል መጻፊያ ፕሮግራም የሚጽፉ ከሆነና ትንሽ ሰሌዳ ስክሪኑ ላይ እየተንሳፈፈ ካስቸገረዎት፣ በአይባስ ፕሪፈረንስስ ውስጥ ፕሮፐርቲ ፓነል የሚለውን እንዳይታይ ወይም በራሱ እንዲደበቅ ይምረጡ።

በዊንዶውስ 11 አመልካቹን ከሰዓቱ አጠገብ አንሥቼ ወደ ታስክባሩ ግራ ጫፍ መውሰድ እችላለሁ?

አዲሱን አመልካች በዊንዶውስ በራሱ ማስተካከያ ማዛወር አይቻልም፤ ከኔትወርክና ከድምፅ ምልክቶች በስተግራ ተተክሎ ይቀራል። አመልካቹ ከዓይንዎ የራቀ ከሆነና ግድ ወደ ሌላ ቦታ መምጣት ካለበት ያለው አማራጭ አሮጌውን ባር አብርቶ ተንሳፋፊ ማድረግ ነው። በዚህ ጊዜ ባሩን ስክሪኑ ታች፣ ከታስክባሩ ከፍ ብሎ ወደ ግራ ቢያስቀምጡት የመስኮቶችን መዝጊያም ሆነ ሰዓቱን አይሸፍንም።